ጂንካ ድረስ ያስመጣነው ቄስ

መምህርት የሆንኩት ከጭቃ ለመሸሽ ነው። እናቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ የእሷም እናት እንደዚያው። ትምህርት ቤት ስገባ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጭቃ በእሾህ እየጎረጎርኩ አወጣ ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች አይተው ቤተ እስራኤል በሚሰደብበት ስም «የካይላ ልጅ» እንዳይሉኝ። ማሠልጠኛ ጨርሼ ዕጣ ሲወጣ ጂንካ ደረሰኝ። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ጓደኞቼ አዘኑልኝ፤ አንዷ እንዲያውም አለቀሰችልኝ። እኔ ግን ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። እዚያ አገር የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም ብዬ።

አንድ ወር አልሞላኝም፣ ተገኘሁ።

የጂንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከአሪ ተራራ እስከ ቆላው ያለ ሰው ሁሉ ወደ ከተማዋ ይጎርፋል፤ የሳምንት አስቤዛ ያን ቀን ያልገዛ ሰው ሳምንቱን ሲለምን ይከርማል። እኔ ግን ቅዳሜ ከቤት አልወጣም ነበር። ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ልማድ ነው፤ እሱን መተው ከጭቃው ይልቅ ከበደኝ። አንድ ማክሰኞ፣ በትንሹ ገበያ በቆሎ ስገዛ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ክንዱ በእሳት ፍንጣሪ የተጠቃጠቀ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ቅዳሜ ገበያ የማትወጪው ታመሽ ነው?»

በቆሎዬን መቋጠር ጀመርኩ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤቴ ለሰንበት ዳቦ ትጋግራለች። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው በታች ነው፤ መዶሻ የሚሰማበት ቤት ብለሽ ጠይቂ» ብሎኝ ሄደ።

በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንጥረኛ ነበር። ከጎንደር ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቤቱ ስሄድ ሌሎችም አገኘሁ፤ የሆስፒታሉ ድሬሰር ከነሚስቱና ከሦስት ልጆቹ፣ ሚስት ያላገባ አንድ ግንበኛም ነበር። ከእኔ ጋር ትልልቆቹ ስድስት ሆንን። የጂንካ ቤተ እስራኤል ማለት ይኸው ነበር። ጸሎት ቤት የለንም፣ ቄስ የለንም። ቅዳሜ ጠዋት አንጥረኛው ቤት መደብ ላይ እንቀመጥና እኔ ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኦሪቱን ክፍል አነባለሁ። አንጥረኛው ልጅ ሆኖ በጆሮው የያዘውን የግዕዝ ጸሎት ይላል፤ ግማሹን ረስቶታል፤ የረሳው ቦታ ላይ ሲደርስ በጉሮሮው ያንጎራጉርና ያልፈዋል። ከዚያ ዳቦ እንቆርሳለን። ውጭ የገበያው ሰው ድምፅ ይሰማል። እኛ እዚያ ተቀምጠን፣ ከሳምንቱ ሥራ ደክመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለን ነበር የምንውለው።

በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት የአንጥረኛው ሚስት ታመመች። አራት ቀን ነው የቆየችው። ድሬሰሩ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ከአጠገቧ አልተለየም፤ መድኃኒት ቢሰጣትም አልመለሳትም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሊቀብሯት እንደማይችሉ እናውቅ ነበር፤ አልጠየቅንም። ቀበሌው ከከተማው ዳር፣ አገሩ የማይታወቅ መንገደኛ የሚቀበርበት ተዳፋት ሰጠን። ግንበኛው በዝናብ ጉድጓዱን ቆፈረ። አንጥረኛው ጸሎቱን ጀመረ፤ መሐል ላይ ጠፋበት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ጠፋበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ድሬሰሩ ክንዱን ይዞ «በቃ፣ ይሰማል እሱ» አለው።

ስንመለስ ከጭቃው ጋር እየታገልን አንጥረኛው አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ቄስ ሳያያት ገባች» አለ።

በሰባተኛው ቀን ቤቱ ስንሰበሰብ ሐሳቡን ቆርጦ ጠበቀን። ተዝካሯን በቄስ አወጣለሁ አለ። ቄስ ደግሞ ያለው ጎንደር ነው፤ ከጂንካ ጎንደር በዚያን ጊዜ መንገድ፣ ሁሉ ነገር ቢቀና እንኳ፣ የሁለት ሳምንት ጉዞ ነው። የመጓጓዣው፣ የስንቁ፣ የሚታረደው፣ የቄሱ ማደሪያ፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ደመወዝ የሚወጣ አልነበረም። ከደመወዛችን በየወሩ ለዚህም ለዚያም መዋጮ ይቆረጥብን ነበርና የሚተርፈን ለእግር መንገድ እንኳ የሚበቃ አይደለም።

«እጅ አለን» አለ አንጥረኛው። «እኔ ማታ ማታ ዶማና ቢላ እሠራለሁ።»

ግንበኛው እሑድ እሑድ የሰው ቤት ሊያቆም፣ የድሬሰሩ ሚስት ሰፌድና ሙዳይ ልትሰፋ ቃል ገቡ። ከዚያ የድሬሰሩ ሚስት ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? እጅሽ ምን ይችላል?»

«ምንም» አልኩ።

አንጥረኛው ቀና ብሎ አየኝ። ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ መተኛት አልቻልኩም። በነጋታው ሄጄ፣ «ጭቃ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገሩኝ» አልኩት።

የሚያውቅ ሰው ነበር። አንዲት የአሪ ሴት፣ ሸክላ ሠሪ፣ የሞተችው ሴትዮ ጓደኛ ነበረች። ሁለቱ እንዴት እንደተዋወቁ አላውቅም፤ አንጥረኛው እንደነገረኝ ግን የአሪ ገበሬዎች ሸክላ ሠሪ ቤት አይበሉም፣ ሸክላ ሠሪም ከደጃቸው አታልፍም። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «እኛ አገር ያለው እዚህም አለ ማለት ነው» ብላ ስቃ፣ ሴትየዋን ከገበያ ጠርታ ቤቷ አስቀመጠቻት። ከዚያ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣ ነበር።

ሴትየዋ ከወንዙ በላይ ወዳለው ጥቁር ጭቃ ወሰደችኝ። ጎንበስ ብዬ ስቆፍር ቆማ አየችኝና «አስተማሪ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። አማርኛዋ እንደዚያ ነበር፣ ሁሉንም ሰው አንተ ትል ነበር። «እጅህ ያውቃል።»

እጄ ያውቅ ነበር። ይኸው ነው ያበሳጨኝ። ስንት ዓመት የሸሸሁት ነገር፣ ጭቃው መዳፌ ውስጥ ሲገባ ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ሥራቸውን ጀመሩ። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ፈረቃዬ ሲያልቅ ወደ ጭቃው እሄዳለሁ። ድስት፣ ጀበና፣ ምንቸት ሠርተን ከሴትየዋ ጋር አብረን እናቃጥላለን። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገበያ ይዘን እንወጣለን። ቅዳሜ ብንወጣ ሦስት እጥፍ በሸጥን ነበር። ቅዳሜ ግን አይሆንም። ሴትየዋ «ለምን?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ያረፈበት ቀን ነው» አልኳት። ትንሽ አስባ፣ «እግዚአብሔር ገበያ አይወድም?» አለችኝ።

ገበያ ላይ ከሸክላው ኋላ ስቀመጥ የተማሪ ወላጆች አይተውኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። የመምህራን ክፍል ውስጥ ሹክሹክታው ተጀመረ። ከደጋ የመጣ አንድ መምህር ከእኔ ጋር ሻይ መጠጣት ተወ፤ ዓይኔን ላለማየትም ወደ መስኮቱ ዞሮ መቀመጥ ጀመረ። ቡዳ ናት ብሎ እንደጠረጠረኝ አውቃለሁ፤ አገሬም ያደግሁበት ነገር ነው። ጂንካ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ አለማሰቤ ነው ያሳፈረኝ። በስብሰባ ላይ ያው መምህር ተነሥቶ የሙያ ንቀት ስለማስወገድ ተናገረ፣ አጨበጨብንለት።

በዓመቱ ማለቂያ ላይ ለጉዞው የሚበቃ ያህል ሞላልን። ለጎንደር ደብዳቤ ልንጽፍ ስንል የድሬሰሩ ትንሿ ልጅ ታመመች። ጭንቅላቷን ይዛ ትጮህ ነበር። አርባ ምንጭ ካልደረሰች አትተርፍም ተባለ፤ መንገዱ በዝናብ ተቆርጧል፣ ያለው አውሮፕላን ብቻ ነው። ድሬሰሩ የአንጥረኛው ደጅ ላይ ቆሞ ሊጠይቀን አፍሮ ሲያመነታ ሽማግሌው ከቤቱ ወጣ፣ ያጠራቀምነውን በጨርቅ እንደተቋጠረ እጁ ላይ አኖረለት።

«ይሄማ የእሷ ነው...» አለ ድሬሰሩ፣ የሞተችውን ማለቱ ነው።

«የሞተችው ትቆያለች» አለ አንጥረኛው።

ልጅቷ ዳነች። እኛ ከባዶ ጀመርን። ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቀድመን እናውቃለን። ግንበኛው ጀርባውን ይታመም ጀመር። የድሬሰሩ ሚስት አራተኛ ልጅ ወለደች፤ አራስ ቤት ሆና ሰፌድ ትሰፋ ነበር። እኔ ተማሪዎቼን ጥያቄ እየጠየቅሁ መልሱን ሳልሰማ ቆሜ አንቀላፋ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስናነብ ማንም አይነጋገርም፤ አንድ ቀን ስለ ሙሴ እያነበብኩ ቀና ብል አራቱም ተኝተዋል። እኔም መጽሐፉን ዘግቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ያስጠራን በዚህ መሐል ነው። ያን ጊዜ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሽጎ ነበር፤ ፈርተን ሄድን። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

«ገንዘብ ትሰበስባላችሁ ይባላል። ለምን?»

እኔ የሸክላ ማኅበር ልንመሠርት ነው ልል አፌን ስከፍት አንጥረኛው ቀደመኝ።

«ቄስ ልናስመጣ ነው።»

«ምን?»

«የኛ ቄስ። ከጎንደር።»

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እዚህ ቄሱም ፓስተሩም ሼኩም ከእኔ ጋር ጣጣ ላይ ነው። ሰው ያሉትን እንዴት እንደሚይዝ ጨንቆታል፣ እናንተ ሌላ ታስመጣላችሁ?»

«ለባለቤቴ ተዝካር ነው። ያነባል፣ ይመለሳል።»

ሊቀ መንበሩ የእስክሪብቶውን ክዳን ከድኖ፣ «እንደ እንግዳ ዘመድ አድርጋችሁ አስገቡት። እኔ ስለ ቄስ አልሰማሁም» አለን።

ደብዳቤው ሄደ፤ መልስ እስኪመጣ አምስት ወር ፈጀ። ቄሱ ከእኔ እናት መንደር ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነበሩ። እመጣለሁ አሉ። ከገበሬ ማኅበራቸው የይለፍ ወረቀት አውጥተው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን፣ የኦሪት መጽሐፋቸውንና አንድ አኩፋዳ ቆሎ ይዘው ተነሡ። ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ሲመጡ ወይጦ ወንዝ ሞልቶ ዳር ላይ ስድስት ቀን አደሩ። ጂንካ ሲደርሱ ነጭ ጥምጥማቸው የቀይ አፈር ቀለም ይዟል። ከመኪናው ለማውረድ ግንበኛው እጁን ሲዘረጋላቸው ጃንጥላቸውን ዘረጉበትና ብቻቸውን ወረዱ።

«በመንገድ ስንት ሰው ነክቶኛል» አሉ። «መጀመሪያ ውሃ አሳዩኝ።»

ወንዝ ወርደው ልብሳቸውን አጠቡ፣ ራሳቸውን ነከሩ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሰው ሳይቀርባቸው ተቀመጡ። ከዚያ ቤታችንን ሊያዩ ገቡ፤ የእኛ መከራ የጀመረው ያኔ ነው። የድሬሰሩ ሚስት በወር አበባዋ ጊዜ የምትለይበት ጎጆ የለም። ድሬሰሩ ሆቴል ይበላል። ግንበኛው ማን ያረደውን እንደሚበላ አይታወቅም። እኔ ከአሪ ሴት ጋር ከአንድ ቅል ውሃ ጠጥቻለሁ፤ እንዴት እንደሰሙ እንጃ። የእኛን እንጀራ አልበላም ብለው ማንም ባልነካው አዲስ ድስት ለብቻቸው በቆሎ ቆልተው በሉ። ድስቷ እኔ የሠራኋት ነበረች። አገላብጠው አይተው «ይቺ ደህና ናት» አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኘሁት ምስጋና እሱ ነው።

ለተዝካሩ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን የሠራችው ያቺ የአሪ ሴት ነበረች። ማንም ሳይጠይቃት ሠርታ፣ ከባሏ ጋር ተሸክመው አምጥተው ደጅ ላይ አስቀመጡት። «ለጓደኛዬ ነው» አለች። ቄሱ ጋኑን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ነገርናቸው።

«በዚህ አይጠመቅም» አሉ።

አንጥረኛው ከመደቡ ተነሣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም።

«አባ፣ ባለቤቴ ስትታመም ውሃ ያጠጣቻት ይቺ ሴት ናት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እነዚህ ሁሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ጋኑ ካልገባ ተዝካሩ ይቅር። ሁለት ዓመት የጠበቅነው ይቅር። እርስዎንም በክብር እሸኝዎታለሁ።»

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ጭቃው፣ ገበያው፣ ፊቱን ያዞረብኝ መምህር ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ። ቄሱ ጋኑን ዞረው አዩ። የዝንብ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ።

«ምግብ ገብቶበት ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ።

«አዲስ ነው፣ አባ» አልኩ። «ከእሳት ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው።»

«በእሳት ያለፈ ዕቃ ንጹሕ ነው። ኦሪት ይላል።» ወደ አጥሩ እያመለከቱ ጨመሩ፦ «ሴትየዋ ግን ከአጥር አትገባም።»

ተዝካሩ ሐሙስ ዋለ። ቄሱ በጉን በእጃቸው አረዱ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ጸሎቱ ተጀመረ። አንጥረኛው ሃያ ዓመት ያልሰማው ቃል ነው፤ የጠፋበት ቦታ ምን እንደነበር አሁን ሊሰማ ነው። ግን ዞር ብል ቦታው ላይ የለም። በአጥሩ ክፍተት ሳይ ከውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ከአሪዋ ሴት አጠገብ ተቀምጧል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። እሷ ነጠላ በሚመስል አሮጌ ጨርቅ ራሷን ተከናንባለች። ቄሱ አይተዋል፤ አላቋረጡም። እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ የሟቿንም ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ።

ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ቄሱን እጅ ሳስታጥባቸው ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ ድምፄ እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር?» አሉኝ።

«ይሰማ ነበር፣ አባ።»

«ጥሩ» አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ቄሱ በማግስቱ ሊሄዱ አልቻሉም። ዝናቡ ጠነከረ፣ መኪና ቆመ። የመመለሻቸው ገንዘብ ወይጦ ዳር ላይ ባደሩባቸው ቀናት፣ በኋላም በበጉና በእህሉ ውድነት ተመናምኖ ነበር። ሁለት ወር ተኩል እኛ ዘንድ ተቀመጡ። ለድሬሰሩ ሚስት የምትለይበት ጎጆ አሠሩላት፤ ግንበኛው በታመመ ጀርባው ቀለሰላት። ዓርብ ከሰዓት ላይ እየዞሩ እሳት ማጥፋታችንን ያያሉ። ቅዳሜ ስናነብ ስሳሳት ያቋርጡኛል፣ ግዕዙን በአማርኛ መተካታችን አሳዘናቸው፤ ማታ ማታ አንጥረኛውን የረሳውን ጸሎት ያስጠኑት ነበር። ከዚያ ወባ ያዛቸው። ድሬሰሩ መርፌ ሊወጋቸው ሲል ሆቴል የበላ እጅ ነው ብለው እምቢ አሉ። ትኩሳቱ ሲበረታባቸው እምቢ የሚሉበት አቅም አጡ። ድሬሰሩ ዘጠኝ ቀን ከሥራ መልስ እየመጣ አጠባቸው፣ አገላበጣቸው፣ ቂም አልያዘባቸውም። እኔ ግን ይዣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን ከወንዝ ውሃ ይዤላቸው ስመጣ፣ ይህን ሽማግሌ ለማስመጣት ሁለት ዓመት ጭቃ አቦካሁ፣ አሁን ለመመለስ ደግሞ ላቦካ ነው ብዬ መንገድ ላይ እንስራውን አስቀምጬ አለቀስኩ።

አቦካሁም። እሳቸው በአውሮፕላን እንዲሄዱ ነበር የፈለግነው፤ በዚያ ሰውነታቸው መኪና ላይ አይወጡም። የአሪዋ ሴት አሁንም ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ማክሰኞ ቄሱ በምርኩዝ እየተደገፉ ገበያ መጡ። ከሸክላችን ራቅ ብለው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ቆሙ። ሴትየዋ አየቻቸውና አንድ ትንሽ ምንቸት አንሥታ፣ መሬት ላይ በመካከላቸው አስቀምጣ ተመለሰች። ቄሱ ቀርበው አነሡት። ጨርቅ ጠቅልለው አኩፋዳቸው ውስጥ ከተቱት።

የሄዱት ሐሙስ ጠዋት ነው። ዘበኛው ከሣሩ ሜዳ ላይ ከብቶቹን አባረረ፤ አውሮፕላኑ ሲወርድ ቄሱ ኦሪታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁላችንንም መረቁን። አንጥረኛውን ለብቻው ወስደው የሆነ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት ነግሮን አያውቅም። አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ ሲጠፋ ተያየን። ድሬሰሩ «ተረኛ ነኝ» ብሎ ሄደ።

ዓርብ አስተማርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ነቃሁና እግሬን ከአልጋ ላወርድ አስቤ አልቻልኩም። ታምሜ አልነበረም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ፤ ጂንካ ከመጣሁ ጀምሮ ከጸሎት የቀረሁበት የመጀመሪያው ሰንበት ነው። ስነሣ ፀሐይዋ ወደ ማዘንበል ተቃርባለች፣ በሩን የሚያንኳኳው አንጥረኛው ነው። ዳቦዬን በጨርቅ ይዞ መጥቷል። ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ እንዴት ቀረሽ አላለኝም።

«ማን አነበበ?» አልኩት።

«ማንም። ድሬሰሩ ሆስፒታል ነው። እኔ የያዝኩትን አልኩ።»

«አሁን ሙሉውን ያውቁታል አይደል? አባ አስተማሩዎት።»

«አስተምረውኝ ነበር» አለ። «ዛሬ ያ ቦታ ላይ ስደርስ እንደገና ጠፋኝ።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ወደ ምንጣፉ አየ። «ብዪ፣ ዳቦው ሳይደርቅ።»

ተቀምጬ በላሁ።